መምህሩን ሳያስተምሩ ተማሪውን መውቀስ ይቁም!

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር አገር ይደነግጣል፤ በሳምንቱ ይረሳል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው ተባልን። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ልጆች ተቀምጠው 27,267 ብቻ አለፉ፤ ከመቶ 3.2 ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ደረሰና "መሻሻል አለ" የሚል ቃል ሰማን። ከመቶ ልጅ ዘጠና አንድ የወደቀበት ነገር መሻሻል ከተባለ፣ ውድቀት የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ውጤቱ በተነገረ ማግስት የወቀሳው ዶፍ የሚወርደው ተማሪው ላይ ነው። ሰነፍ ነው፤ ኮራጅ ነው፤ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል፤ የንባብ ባህል የለውም። ወላጁም "ልጁን አይከታተልም" ተብሎ ድርሻውን ይቀበላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ የለም አልልም፤ ኩረጃ የሚባል በሽታ እንደነበረብን ማን ይክዳል? ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያልፈው አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ያ ልጅ የተፈተነው በምን ቋንቋ ነው?

በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ፣ የገዛ አገሩ ታሪክና ጂኦግራፊ ሳይቀር በእንግሊዝኛ። ልጁ የኒውተንን ሕግ አወቀ አላወቀ የሚታየው ኋላ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት አለበት። ስለዚህ በእኛ አገር እንግሊዝኛ እንደ ስፖርት ወይም እንደ ሥዕል አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ የሚቆጠር አይደለም፤ የትምህርቶች ሁሉ በር ነው። በሩ ከተዘጋ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ቢያምር ባያምር ለልጁ ምን ይጠቅመዋል?

በሩን መክፈት ያለበት መምህሩ ነው። ቁልፉን ለመምህሩ የሰጠው ሰው ግን የለም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

"ድሮማ እንዲህ አልነበረም!" የሚሉ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። በየካፌው የምንሰማው ነው፤ የድሮ የ8ኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛውን ያንበለብለው ነበር፣ የዛሬ ዲግሪ ያለው ማመልከቻ መጻፍ ያቅተዋል ይባላል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ጥፋቱን በሙሉ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ በማለቱ ላይ ይጥሉታል። ኢሕአዴግን መውቀስ ለዚህ ጋዜጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ያላጠፋውን ጥፋት ማሸከም የራሳችንን ዓይን ማሰር ነውና ታሪኩን እንየው።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። ያኔ በጄኔራል ዊንጌትና መሰል ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዞች ናቸው። ሕንዶች በየጠቅላይ ግዛቱ ነበሩ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበተኑ። የድሮው ተማሪ ያንበለበለው ለምን እንደሆነ ገባችሁ? አስተማሪው ቋንቋውን ይናገረው ስለነበር ነው! ከአማርኛ ጋር ለመሸሽ እንኳ መንገድ አልነበረውም፤ መምህሩ አማርኛ አያውቅም። ደግሞም ያ ተማሪ ከአገሩ ልጅ ሁሉ ተመርጦ፣ ተጣርቶ የደረሰ እፍኝ የማይሞላ ሰው ነበር። የቀረው ሕዝብ ልጅ እረኛ ነበር።

አብዮቱ መጣ። ሰላም ጓዶች ሄዱ፤ ሌላውም የውጭ መምህር እየሳሳ ሄደ። ተማሪው ግን በዛ፤ መብዛቱም ተገቢ ነበር። በውጭ ሰዎቹ ቦታ 12ኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ ወጣት ገባ። እርሱ ያስተማረው ልጅ ደግሞ በተራው መምህር ሆነ። ፎቶኮፒ አንሥታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ከዋናው ላይ የተነሣው ጥርት ያለ ነው። የፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ግን ይደበዝዛል። በአምስተኛው ላይ ፊደሉ አይለይም። የእንግሊዝኛችን ታሪክ ይኸው ነው። በ1978 ዓ.ም. ጆን ስቶዳርት የተባሉ ባለሙያ የአገራችንን ትምህርት ቤቶች አጥንተው ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል እንዳልቻለ፣ ቋንቋው የትምህርት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል እንደሆነ ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የተጻፈው በደርግ ዘመን፣ አዲሱ ፖሊሲ ከመውጣቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ፕሮፌሰር ተከስተ ነጋሽም በ1990፣ በ1996ና በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ሥራዎች የትምህርታችንን ቀውስና የእንግሊዝኛን ነገር ደጋግመው ጮኸውበታል። ማን ሰማ?

ታዲያ የ1986ቱ ፖሊሲ ጥፋቱ የት ላይ ነው? እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ቀድሞ ከ3ኛ ክፍል ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ማን ያስተምረው? በአንደኛው እርከን አንድ መምህር ክፍሉን ይዞ ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ተደረገ። ሒሳቡን፣ አካባቢ ሳይንሱን፣ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ እንግሊዝኛውንም አንድ ሰው! ያ ሰው ደግሞ እንግሊዝኛ የተማረው ከተደበዘዘው ፎቶኮፒ ነው። ኋላም ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚላከው ብዙውን ጊዜ የመሰናዶ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ሆነ። ሐኪም፣ መሐንዲስ የሚሆነውን መርጠን ከጨረስን በኋላ የተረፈውን "አንተ አስተምር" አልነው። ዘር የሚዘራ ገበሬ ምርጡን ለዘር ያስቀምጣል። እኛ ምርጡን በልተን እንክርዳዱን ዘራን፤ ከዚያ አዝመራው ለምን አላማረም ብለን እንቆጣለን።

አሁን ክፍል ውስጥ እንግባ። ሰባና ሰማንያ ልጅ በተጠጋጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መምህሩ መጽሐፉን ይዞ ይገባል። ምንባቡን አንድ ጊዜ ያነባል፤ ልጆቹ በኅብረት ይደግሙታል። ከዚያ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሮ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የሰዋስው ሕጉን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያብራራል። ባዶ ቦታ ሙሉ፣ ትክክለኛውን ምረጡ፣ ደወል ተደወለ። በአርባ ደቂቃው ውስጥ አንድ ልጅ ከራሱ አንጎል የወጣ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተናገረ ወይ? አልተናገረም። መምህሩስ ከመጽሐፉ ውጭ ስንት ዓረፍተ ነገር ተናገረ? እሱም ቢሆን ሁለት ወይ ሦስት ነው፤ "ሲት ዳውን" እና "ኪፕ ኳይት"ን ጨምሮ።

እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት። ከአክቲቭ ወደ ፓሲቭ ዓረፍተ ነገር ስገለብጥ የከረምኩበት ሴሚስተር ትዝ ይለኛል። ደብዳቤው በአበበ ተጻፈ፤ በሩ በአልማዝ ተዘጋ። ፈተናውን ደፈንኩት። አንድ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀኝ ግን በእጄ ጠቁሜ ከመሸሽ በቀር የምለው አልነበረኝም። ያስተማሩኝ መምህር ሰነፍ አልነበሩም፤ ጠመኔ ልብሳቸውን እስኪያነጣው የሚለፉ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው።

መምህሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማብራራቱ ኃጢአት አይደለም፤ ልጁ እንዲገባው ድልድይ ነው። ችግሩ ድልድዩ ላይ ቤት ሠርተን መቅረታችን ነው። ወደ ማዶው የሚሻገር የለም። የማይሻገርበትም ምክንያት አለ፤ ፈተናው አይጠይቅማ! ብሔራዊ ፈተናው የሚለካው "ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" የሚለውን ማጥቆር ነው። መናገር አይፈተንም፤ ማዳመጥ አይፈተንም፤ አንድ ገጽ ድርሰት አይጻፍም። መምህር ደግሞ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው። የፈተናውን መልክ ሳትለውጥ የማስተማሪያ ዘዴህን ለውጥ ብትለው በልቡ ይስቅብሃል።

መንግሥት ዘዴ አልሞከረም አይባልም። ኧረ ስንቱን ሞከረ! ግን ሁሉም የመጣው ከላይ በመመሪያ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል በቴሌቪዥን ታየ። መምህሩ መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ማሳረጊያ ላይም እንደዚያው ተፈቀደለት፤ መካከሉ የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ በማያውቁት ቅላጼ እንግሊዝኛውን ያዥጎደጉደዋል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ልጆቹ እርሳስ ሳያነሡ "ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ" ብሎ ያልፋል። እጅ ቢያወጡበት አያይም። "አልገባኝም" ቢሉት አይሰማም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው መምህሩ ላይ የደረሰው ነው፤ በገዛ ክፍሉ የሪሞት ጠባቂ ሆነ። ቋንቋውን እንዲያሻሽል ሊውል ይችል የነበረው ገንዘብ ስክሪን ተገዛበት። ዛሬ ያ ስክሪን የት ነው? ብዙ ቦታ አቧራ ለብሶ ቆሟል ወይም ተነቅሏል።

ከዚያም "ተማሪ ተኮር" መጣ። ሐሳቡ በራሱ መልካም ነው፤ ልጅ በመስማት ብቻ አይማርም፣ ሠርቶና ተናግሮ ይማራል። ግን ሰማንያ ልጅ በተቸከለ አግዳሚ ላይ ምን ዓይነት ውይይት ይወያያል? መምህሩ ራሱ መወያየት በማይችልበት ቋንቋስ ማንን ያወያያል? እንዲያም ሆኖ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ልጆቹ ፊት ለፊት ተዟዙረው ይቀመጡ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይዞራሉ። ዘዴው የወንበር አቀማመጥ ሆኖ ቀረ።

ቀጥሎ "አንድ ለአምስት" ተባለ። ጎበዙ አራቱን እንዲረዳ ነው አሉን። መረዳዳትን ማን ይጠላል? ነገር ግን በቀበሌ ሰው መቁጠሪያ የሆነው አደረጃጀት ክፍል ውስጥ በስሙ ሲገባ፣ ልጁም መምህሩም ምን እንደመሰላቸው መናገር አያስፈልግም። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፤ አራቱ ይገለብጣሉ። ኋላ "ኮራጅ ትውልድ" ብሎ መራገም መጣ። መኮረጅን በአደረጃጀት ያስተማረው ማን ሆነና!

እዚህ ላይ ሰዎች ከቋንቋ ትምህርት ጋር የማያያይዙትን ነገር ላንሣ። ቋንቋ የሚለመደው በመሳሳት ነው። የሚፈራ ሰው አይሳሳትም፤ ስለዚህ አይናገርም፤ ስለዚህ አይማርም። የእኛ መምህር ደግሞ ለብዙ ዓመት የፈራ ሰው ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ደብዳቤ ተባረሩ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው ዓመታት በወህኒ ቆዩ። የማኅበሩ ባልደረባ አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በጠራራ ፀሐይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በየትምህርት ቤቱ መምህሩ በግምገማ ተቀምጦ ስለ አመለካከቱ ተጠየቀ፤ ስለ እንግሊዝኛው ግን የጠየቀው የለም። ይህን ሁሉ ያየ መምህር ክፍል ገብቶ "ጠይቁኝ፣ ተከራከሩኝ" ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ማስታወሻ ጽፎ ይወጣል። ማስታወሻ ማንንም አያስከስስም።

አሁን ወደ ማስረጃው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በአገር ውስጥና በውጭ ምሁራን በማስተማሪያ ቋንቋ ላይ ጥናት አስጠንቶ ነበር። የተገኘው ውጤት ብዙ የከተማ ወላጅ የሚያምነውን የሚገለብጥ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ የተዛወሩት ደግሞ ሳይንሱንም አላገኙት፣ በእንግሊዝኛውም ያን ያህል አልበለጡም። ለምን? መምህራኑ ቋንቋውን ስለማይችሉት ነዋ! የመምህራኑ የእንግሊዝኛ ችሎታ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን ያው ጥናት አስቀምጦታል። ልጅን በማይናገር ሰው አፍ ቋንቋ ማስተማር፣ ዋና በማያውቅ ሰው ዋና እንደማስለመድ ነው። ሰዓቱን ብታበዛው ሁለቱም አብረው ይሰምጣሉ።

በአፍ መፍቻው ቢሆንስ መሠረቱ ተጥሏል ወይ? እሱም አልተጣለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34 ያህሉ በሚማሩበት ቋንቋ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በገዛ ቋንቋው ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በሰው ቋንቋ ምን ያነባል? ችግሩ እንግዲህ "አማርኛ ነው ኦሮምኛ ነው እንግሊዝኛ ነው" ከሚለው ጭቅጭቅ በታች ነው። ማስተማር የሚችል መምህር የለም፤ ወይም እንዲችል አልተደረገም።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ሚኒስትሩ አይደሉም። የባለሥልጣኑ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በዶላር የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ገብቶ ከሚናገር መምህር ይማራል። መካከለኛው ወላጅ ከጎኑ ቀንሶ የግል ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ ባይበቃው በየስልክ እንጨቱ ላይ "በሦስት ወር እናናግራለን" ለሚለው ማስታወቂያ ተጨማሪ ይከፍላል። ከወረዳ ከተማ የመጣችው ልጅስ? 8ኛ ክፍል ድረስ በቋንቋዋ እጇን እያወጣች የመለሰች፣ ደም በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ቁጭ አድርጋ የምታስረዳ ልጅ፣ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ስትገባ በአንድ ቀን ዲዳ ትሆናለች። ያወቀችው ሁሉ በማታውቀው ቋንቋ ስር ተቀበረ። አራት ዓመት ዝም ብላ ገልብጣ ትፈተናለች፤ ትወድቃለች። ከዚያ "ሰነፍ ትውልድ" እንላታለን። ይህ ከግፍም ግፍ ነው!

ታዲያ እንግሊዝኛ ይቅር ነው የምትለው? አይደለም። ዓለም የሚነጋገርበት፣ ዕውቀት የሚገኝበት ቋንቋ ነው፤ የድሃ ልጅ ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል። የማይናገሩትን እናስተምርበታለን ብሎ መዋሸት ግን ይቅር። የዚህ ርዕሰ አንቀጽ አቋም ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ መምህሩ ይማር። የክረምት ሁለት ሳምንት አበልና ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ወርክሾፕ አይበቃም። ቀደም ሲል የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ተሰጥቶ ብዙም ጠብ ያለ ነገር እንዳልተገኘ አይተናል፤ በጥቂት ወር ቋንቋ አይለመድም። መምህሩ ራሱ በእንግሊዝኛ እያነበበ፣ እያዳመጠና እየተናገረ ዓመት ከዓመት የሚቀጥል ትምህርት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ለመምህርነት ምርጡ ይመረጥ። ምርጡ እንዲመጣ ደግሞ ደመወዙ ከቤት ኪራይ ይለፍ። በባዶ ሆድ "የሙያ ፍቅር" የሚባል ስብከት ሰለቸን።

ሦስተኛ፣ የታችኛው ክፍል እንግሊዝኛ ቋንቋውን ለሚችል ሰው ብቻ ይሰጥ። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ እንኳ ከተገኘ፣ እሱ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ ያስተምር። ሁሉም መምህር ሁሉን ይችላል የሚለው ተረት ይቁም።

አራተኛ፣ ፈተናው ይለወጥ። ልጁ ይጻፍ፣ ያዳምጥ፣ ይናገር። ያን ቀን መምህሩ ያለ መመሪያ ዘዴውን ይለውጣል።

አምስተኛ፣ 9ኛ ክፍል ላይ ያለው ገደል ድልድይ ይሠራለት። ልጁ በአንድ ክረምት ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ አይወረወር። ሳይንሱ በሁለቱም ቋንቋ እየተሰጠ ቀስ በቀስ ይሻገር፤ የመማሪያ መጽሐፉም የሚያውቀውን ቃል ይዞ ይጀምር።

ይህን ለማድረግ ገንዘብ የለም የሚለን ካለ፣ ለስክሪኑ፣ ለወርክሾፑ፣ ለመፈክሩና ለስብሰባው የወጣውን ይቁጠርልን። ገንዘቡ ነበር። የጠፋው መምህሩን እንደ ሰው ቆጥሮ "አንተስ ምን ጎደለህ?" ብሎ የሚጠይቀው ነው።

ዘንድሮም ውጤት ይነገራል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢል ይጨበጨባል፤ ዝቅ ቢል ልጆቹ ይሰደባሉ። ልጆቻችንን ከመስደባችን በፊት ግን መምህራቸውን ማን እንዳስተማረው እንጠይቅ። ሹማምንቱም መልሱን በምንሰማው ቋንቋ ይንገሩን። ጆሮ ያለው ይስማ!